የመሪጌታ የጾም በጀት

መሪጌታ ገብረ ጻድቅ የቤታቸውን ክዳን ከሳር ወደ ቆርቆሮ ለመለወጥ ሲነሱ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሚስማር መግዛት አልነበረም፤ የቆርቆሮ ዋጋ መጠየቅም አልነበረም። መጀመሪያ ጾም መቼ እንደሚገባ አሰሉ።

አይፈረድባቸውም፣ ሙያቸው ነው። እዚህ ሰቆጣ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል ቢጠይቋቸው ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ይነግሩዎታል። መነጽራቸውን የት እንዳስቀመጡት ቢጠይቋቸው ግን ሻዩም ይቀዘቅዛል፣ ሻይ ቤቱም ይዘጋል።

ቤታቸው ከዋናው መንገድ ዳር ያለ፣ በድንጋይና በጭቃ የታነጸ ቤት ነው። ግድግዳው ደህና ነው። ክዳኑ ግን ከማርጀቱ የተነሳ ወፎች ጎጆ ሊሠሩበት መጥተው፣ ዞር ዞር ብለው አይተው፣ የተሻለ ሰፈር ፍለጋ የሚሄዱበት ነበር። ለዓመታት ማንም አልነካውም። ያስነካው ዱባይ በሰው ቤት ስትሠራ የቆየችው የአንዲት ልጃቸው የፀጋ የስልክ ጥሪ ነው።

«አባዬ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ» አለቻቸው። «ውሌም ያኔ ያልቃል። ቤቱ ቆርቆሮ ለብሶ፣ የፊተኛው ክፍል ወደ መንገድ በር ወጥቶለት ከጠበቀኝ ቁርስ ቤት እከፍትበታለሁ፤ ተመልሼ አልሄድም። የላክሁት ገንዘብ ቤቱ ላይ ካለቀ ግን በምን እከፍታለሁ? ውሌን አሳድሼ እመለሳለሁ።»

«ገንዘቡ አያልቅም» አሉ መሪጌታ።

«ለድንገተኛ ወጪ የሚሆን ለይተው ያስቀምጡ፣ እሺ?»

«ልጄ፣ ድንገተኛ የሚባለው ሰው ያላሰበው ነው። እኔ ሁሉን አስቤዋለሁ።»

እውነትም አስበው ነበር። የሠራተኛ ቀን አበል የለም፤ ሥራው በደቦ ነው። ደቦ ደግሞ በነጻ ነው፤ ማለትም ለክንዱ አይከፈልም፣ የሚከፈለው ለሆዱ ነው። በተለይ በክዳን ቀን። የክዳን ቀን ድግስ በፍስክ ከዋለ በግ ይታረዳል፤ ጎረቤታቸው ቅጣው ካለበት ደግሞ አንድ በግ የሚበቃው ለቅጣው ነው፣ ለተቀረው ሰው ሌላ ይፈለጋል። መሪጌታ ይህን ሁሉ አወጡ አወረዱና አንድ ማምሻ ባለቤታቸውን እትዬ ወለተ ሰንበትን ጠሯቸው።

«ሥራውን በሁዳዴ ጀምረን በሁዳዴ እንጨርሰዋለን።»

«ለምን በሁዳዴ?»

«ሰው ልቡናው የሚሰበሰብበት ወቅት ነው።»

«እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ሽሮ ርካሽ ነው።»

እትዬ ወለተ ሰንበት መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ልጄ እዚያ በረሃ ለፍታ ባመጣችው ገንዘብ የተሠራ ቤት፣ እሷ በሌለችበት፣ በሽሮ ሊከደን ነው?»

«የምናተርፈው ለቁርስ ቤቱ ነው። ልጅሽ እንድትቀር ትፈልጊያለሽ ወይስ ጎረቤት እንዲጠግብ?»

ዝም አሉ። መሪጌታ ዝምታን እንደ ስምምነት የሚቆጥሩ ሰው ናቸውና እሱንም ከሒሳቡ ውስጥ ደመሩት።

ሁዳዴ ገባ፤ ደቦው ተጠራ። የሥራው መሪ የሻምበል የሚባል አናጢ ነበር፤ ቀጭን፣ ምላሱ ከመጋዙ የሚሳል ሰው። ቅጣውም መጣ፤ የመንደሩ ትልቁ ትከሻና ትልቁ ሆድ በአንድ ሰው ላይ የተገናኙበት ነው። ሌሎችም ነበሩ።

መሪጌታ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው እየተንጎራደዱ ደስ ይላቸው ነበር። ሠራተኛው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ ነው፤ ቁርስ የለም፣ ምሳ የለም። ይህንን አስቀድመው አስልተው ተርፏል ብለው ይዘውታል። ያላሰሉት ጾመኛ ክንድ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ቅጣው በፍስክ ሦስት የሞራሌ እንጨት በአንድ ትከሻ የሚያነሳ ሰው፣ አሁን አንዷን ተሸክሞ ከአጥሩ በር ተነስቶ ግድግዳው ሥር እስኪደርስ አንድ ሙሉ ዳዊት ይደገማል።

«ቅጣው፣ ምነው ዛሬ?» አሉ መሪጌታ።

«ሥጋዬ ቁጭ ካለ ቆይቷል፣ መሪጌታ። እንጨቱን የተሸከመችው ነፍሴ ናት።»

«በርታ እንግዲህ።»

«ለነፍሴ እነግርልዎታለሁ።»

እንዲህም ሆኖ አሮጌው ሳር ወረደ። ሳሩ ሲወርድ ደግሞ ሳሩ ለዓመታት ሸፍኖት የኖረው ነገር ብቅ አለ። የሻምበል ግድግዳው ላይ ወጥቶ ክዳኑን ሁሉ የተሸከመውን ትልቁን አግዳሚ በመዶሻ ጀርባ ኳ አደረገው። ኳ አላለም። ፉፍ አለ። ጣቱን ቢሰድበት እስከ አንጓው ገባ።

«መሪጌታ፣ ይሄ አግዳሚ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የአግዳሚ ቆዳ ነው። ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። እስከዛሬ ጣሪያውን ይዞ የቆየው በይሉኝታ ነው።»

መሪጌታ ወደ ላይ አንጋጠው ቆዩ። «በዚህ በተቀደሰ ወር እንኳ ይበላል?»

«እንጨት እኮ የጾም ምግብ ነው። ምስጡ ምን አጠፋ?»

ከላይ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ መሪጌታ ግን አልሳቁም። አንዱ አግዳሚ ከተነሳ ጓደኛውም መታየት አለበት፤ ታየ፣ እሱም ቆዳ ነው። ለመንገድ ዳሩ በር ግድግዳው ሲፈነቀል ደግሞ ከላይ ያለው ድንጋይ የሚያርፍበት ጠንካራ እንጨት ያስፈልገዋል ተባለ። በር ማለት ቀዳዳ ብቻ የመሰላቸው መሪጌታ፣ ቀዳዳም ደጋፊ እንደሚፈልግ ያን ዕለት ተማሩ። አዲስ እንጨት ተገዛ፤ መኪና ተከራየ፤ ለአውራጅ ተከፈለ። እያንዳንዱ ወጪ ተነስቶ የሄደው ለቁርስ ቤቱ ከተቀመጠው ገንዘብ ነው። ፀጋ ስትደውል ግን መሪጌታ «ሁሉም በሥርዓቱ እየሄደ ነው» ይሏት ነበር። አልዋሹም። ገንዘቡ በሥርዓት ነበር የሚሄደው።

«አሁንም ደህና ነን» ይሉ ነበር ለባለቤታቸው። «የክዳኑ ቀን በሽሮ ካለፈ የቁርስ ቤቱ አይነካም።»

እትዬ ወለተ ሰንበት ሽሯቸውን ማማሰል ቀጠሉ።

ወደ ሆሳዕና ግድም አዲሱ የጣሪያ እንጨት ተዋቅሮ አለቀ። ቆርቆሮው ከወልድያ መጥቶ አጥሩ ጥግ ተደርድሯል። የቀረው ቆርቆሮውን ማልበስ ብቻ ነው፤ ከልብ ከተሠራ የአንድ ቀን ሥራ። እዚህ ላይ ስለ መሪጌታ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የተወለዱት ጎጃም ነው። በተማሪነት በእግራቸው ዞረው ዞረው ሰቆጣ ደረሱ፤ እዚሁ አገቡ፣ እዚሁ ወለዱ፣ እዚሁ ሸበቱ። ግዕዙን እንደ ውኃ ይጠጡታል። የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣንኛን ግን ሰላምታ ላይ አቁመውት ቀሩ። «ነገ እማረዋለሁ» እያሉ ጸጉራቸው ነጣ።

እና አንድ ጠዋት፣ የሻምበልና ቅጣው ጣሪያው እንጨት ላይ እንደ ሁለት ጭልፊት ተቀምጠው በኽምጣንኛ ረዘም ያለ ወሬ ይዘዋል። መሪጌታ ከሥር ሆነው ጆሯቸውን ቀሰሩ። ከዚያ ሁሉ ንግግር አንድ ቃል ብቻ ነጥራ ወጣች፤ «ፋሲካ»። ጥቂት ተነጋገሩና ደግሞ «ፋሲካ»። ቅጣው ራሱን ነቀነቀ፣ ሆዱን ዳበሰ፣ እሱም «ፋሲካ» አለ።

የመሪጌታ ፊት በራ። ለፋሲካ ለማድረስ እየተበረታቱ ነው!

«እግዚአብሔር ያበርታችሁ ልጆቼ!» አሉ ከሥር። «ያሰባችሁትን ያድርግላችሁ!»

«አሜን» አለ የሻምበል ከልቡ።

«አሜን፣ አሜን» አለ ቅጣው፤ እንደዚያ ከልቡ አሜን ሲል ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም።

እትዬ ወለተ ሰንበት ማድ ቤቱ በር ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። እሳቸው የተወለዱት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው፤ አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንኛ ነው። ሁሉንም ሰምተዋል። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰቆጣ ምድር ለቆርቆሮ የሚሆን አየር ጠፋ። አንድ ቀን የሻምበል ጣቱን እርሶ ወደ ሰማይ ቀሰረና «በዚህ ንፋስ ቆርቆሮ ካነሳን ቅጣው ከነቆርቆሮው ደሃና ወረዳ ነው የሚያርፈው» አለ። ቅጣውን የሚያነሳ ንፋስ እስከዛሬ አልተፈጠረም፤ ቢሆንም ሥራው ቆመ። በማግስቱ ንፋስ የለም፣ ግን የመዶሻው እጀታ ተሰበረ። በሌላው ቀን መዶሻው ደህና ነው፣ ሚስማሩ ግን «ጭንቅላቱ ትንሽ ነው» ተባለ። ቀጥሎ ሰሙነ ሕማማት ገባ፤ አገር ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ መሪጌታም ከፊት ሆነው ሰገዱ። ሲሰግዱ የነበረውን ሐሳባቸውን እግዚአብሔር ይወቀው፤ እኛ ግን እንገምታለን።

የሚያውቁት ነገር ነው ያስጨነቃቸው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ሙሉ ፍስክ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ቀጥሎ ያለው ጾም የሐዋርያት ነው፣ እሱም ወደ ሰኔ ግድም። ጾሙና የክረምቱ ዝናብ በአንድ አውቶብስ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ወይ በፍስክ ከድነው የልጃቸውን ቁርስ ቤት በበግ መልክ ለደቦው ማብላት ነው፤ ወይ ጾሙን ጠብቀው የጭቃ ግድግዳቸውን ለዝናብ ማብላት ነው።

ፀጋ በቅዳም ሥዑር ከሰዓት በኋላ ከሚኒባስ ወረደች። እቅፉ፣ ለቅሶው፣ መሳሳሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደ ቤት ገባችና ቀና አለች። ሰማይ አየች።

«አባዬ፣ ጣሪያው የት አለ?»

«አጥሩ ጥግ ተደርድሯል።»

«ገንዘቡስ?»

መሪጌታ ስለ ምስጡ ነገሯት፤ ስለ በሩ ደጋፊም ነገሯት። ፀጋ ቆጣም አላለችም። የቀረውን ጠየቀች፣ ነገሯት፤ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ «ለምድጃና ለዕቃ ይበቃል፤ ከዚህ ከጎደለ ግን አይሆንም። አሠሪዎቼ ተመለሺ እያሉ ይደውላሉ» አለች። ያን ዕለት ሦስቱም በማድ ቤቱ አደሩ።

በፋሲካ ዕለት የሻምበል ነጭ ለብሶ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ። መሪጌታን በአማርኛ እንኳን አደረሰዎ ብሎ ሳማቸው። ከዚያ ወደ እትዬ ወለተ ሰንበት ዞሮ በኽምጣንኛ አንድ ነገር ጣል አደረገ። ፀጋ ልጅ ሳለች ሄዳ ስለቆየች ቋንቋውን ረስታዋለች ብሎ ነው መሰል። ፀጋ በሳቅ ፈረሰች። ፈርሳም ሳታበቃ ድንገት ቀጥ አለች።

«ምን አለ?» አሉ መሪጌታ።

«‹ሽሮውን አሳልፈነዋል፤ አሁን እንግዲህ በጉን ያደልቡት› ነው ያለው።»

መሪጌታ ቀስ ብለው አንድ በአንድ ገጣጠሙት፤ ንፋሱን፣ መዶሻውን፣ የሚስማሩን ጭንቅላት። በመጨረሻም ያንን «አሜን»።

«እኔ ባርኬላችኋለሁ!» አሉ። «በገዛ አፌ ያሰባችሁትን ያድርግላችሁ ብያችኋለሁ!»

«ቡራኬዎ ደረሰ፣ መሪጌታ» አለ የሻምበል አንገቱን ሰብሮ።

ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አንቺስ ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«እና ዝም አልሽኝ?»

«ቤቱ ልጄ ቆማ እያየች እንዲከደን ፈለግሁ። ደግሞስ እኔን ምን ይወቅሱኛል? ያንን ሁሉ ዘመን አብሬዎት ስኖር ቋንቋዬን ቢማሩ ማን ከለከለዎት?»

ወደ የሻምበል ተመለሱ። «ገንዘቡን ለበግ የሰሰትሁት እንዳይመስልህ። የእሷ ቁርስ ቤት ነው። እሱ ከጎደለ ልጄ ተመልሳ ትሄዳለች።»

የሻምበል ፀጋን አየ። ነጭ ልብሱ የጠበበው መሰለ። «ይሄንን ማን ነገረን?»

«ልጄ እንድትቀርልኝ ብዬ ሽሮ ላብላችሁ ብል ትስቁብኝ ነበር።»

«እንስቅ ነበር» አለ የሻምበል። «ግን ከድነን ነበር የምንስቀው።»

መሪጌታ የሐዋርያትን ጾም እጠብቃለሁ ብለው ገገሙ። በዳግም ትንሣኤ ዋዜማ ግን ሰማዩ ራሱ መልስ ሰጣቸው። ከሰዓት በኋላ ጠቆር አለና ለአጭር ጊዜ የጣለው ዝናብ በአዲሱ በር አናት ያለውን ጭቃ አራሰው፤ ሁለት ድንጋዮች ተንሸራተው ወደቁ፤ አንዱ እትዬ ወለተ ሰንበት ቆመውበት ከነበረው ቦታ ላይ። ትልቅ ዝናብ ቢሆን ግድግዳው ራሱ ይመጣ ነበር። መሪጌታ ድንጋዩንና ባለቤታቸውን አፈራርቀው አዩ። ስለ ጾም ያለ ንግግር ከዚያ በኋላ ከአፋቸው አልወጣም።

«ሰኞ ደቦውን ይጥሩት» አለች ፀጋ። «በጉም ይገዛል።»

«ከየት?»

«ከቁርስ ቤቱ።»

«አይሆንም! እሱ ከተነካ…»

«አባዬ፣ ሰው አዲስ ቤት ሲከፍት የመጀመሪያ ቀን አይጋብዝም? ለመጋበዝ የግድ ወጪ ነበረብኝ። ሁለቱን ድግስ አንድ እናድርገው። ሰዉ የክዳን ቀን ብሎ ይበላል፤ እኔ ምግቤን አስቀምሼ እሰደዋለሁ።»

መሪጌታ የባሕረ ሐሳብን ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዕን፣ ሲደምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህ ድምር ግን አልመጣላቸውም ነበር።

ሰኞ ደቦው መጣ። ወጡ ከጠዋቱ ጀምሮ በአዲሱ በር ውስጥ፣ የቁርስ ቤቱ ምድጃ በሚሆነው ቦታ ላይ ተጥዷል። ፀጋ ጭልፋዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«የመጨረሻው ሚስማር ሳይገባ ክዳኑ አይነሳም።»

«የትኛው ክዳን?» አለ ቅጣው።

«የድስቱ።»

የዚያን ዕለት ሰቆጣ ያየችውን ለሌላ አገር ሰው ብናወራ አያምነንም። በሁዳዴ አንዷን እንጨት ይዞ ዳዊት የሚያስደግመው ቅጣው፣ ቆርቆሮዎቹን እንደ ጋዜጣ ወደ ላይ ይወረውራቸው ጀመር። ንፋስ ነበረ፤ ማንም ጣቱን አላረሰም። የሻምበል ሚስማሩን በአንድ ምት ያስገባዋል፤ ጭንቅላቱ ትንሽ ይሁን ትልቅ ያየ የለም። ሽታው ከሥር እየወጣ ሲያስነጥሳቸው ይበልጥ ፈጠኑ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሳትል ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር አብረቀረቀ፤ ከማዶ ሻይ ቤት የተቀመጥነው ሁላችንም እጃችንን ግንባራችን ላይ አደረግን።

በሉ። ቅጣው የተገመተውን ያህል በላ፤ ግምቱ ግን ዝቅተኛ ነበር። ሲጨርስ እጁን እየታጠበ፣ «ፀጋዬ፣ ነገም ይኖራል?» አለ።

«ነገም አለ። ነገ ግን በሒሳብ ነው።»

«አስለምደሽኝ ደሞ በሒሳብ ትይኛለሽ?»

«ያስለመድሁህ ለዚያ ነው።»

በጎቹ ሁለት ስለነበሩ ገንዘቡ ለወንበር አልበቃም። የሻምበል ምንም ሳይናገር ከተረፈው እንጨት አራት አግዳሚ ወንበር መትቶ በሚቀጥለው ሳምንት አመጣ። መሪጌታ አንዱን በጣታቸው ኳ አድርገው ሰሙት። ኳ አለ። ዱባይ ያሉት አሠሪዋ ሴትዮ ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውሉ ፀጋ እጇ ሊጥ ስለነበር አላነሳችም።

መሪጌታ አሁን ኽምጣንኛ እየተማሩ ነው። መምህርቷ ባለቤታቸው ናቸው፤ ክፉ መምህርት ናቸው ይባላል፣ በስህተት ቁጥር ቁርስ ይቀንሳሉ።

ባለፈው ሰሞን መሪጌታና ቅጣው ቁርስ ቤቱ ውስጥ ሳሉ የሻምበል ገብቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። እሱም የማድ ቤቱን ክዳን በቆርቆሮ ሊለውጥ አስቧል።

«መሪጌታ፣ እንደው ያስሉልኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደቦውን መቼ ብጠራ ይሻለኛል? ወጪው እንዳይበዛ።»

መሪጌታ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ አሰሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ አሰሉ። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ በኽምጣንኛ፣ አንዴም ሳይደናቀፉ ቀኑን ነገሩት።

ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እኛ የገባን አንድ ቃል ብቻ ነው። «ፋሲካ» ነው ያሉት። የፋሲካ ማግስት ይበሉ ዋዜማ፣ ሆዱን እየዳበሰ ከሳቀው ከቅጣው ተረዳነው።